ድምፁ የጠፋው ጋሪ

ቶለሳ ገለታ ጎማ አይቶ ሰው ይለያል። ጉራ እንዳይመስላችሁ። ጎማው በአንድ ወገን ብቻ ከተበላ ሾፌሩ ችኩል ነው፤ መሀል ለመሀል ካለቀ ደግሞ ንፋስ አስሞልቶ የማይጠግብ ጉረኛ ነው። ከጳውሎስ ከፍ ብሎ መንገድ ዳር ባለችው ጎሚስታ ቤት አምስት ዓመት ሲሠራ በዚህ ፍርዱ ተሳስቶ አያውቅም። የገዛ ሚስቱን ፊት ማንበብ ግን አቅቶታል።

የካቲት 1973 እየተገባደደ ነበር። አፀደ ስምንተኛ ወሯን ልትይዝ ነው። ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ስትወጣ ቶለሳ ሥራውን ለጥቂት ጊዜ ጥሎ ደብተሮቿን ይቀበላትና አብረው ወደ ቤት ያዘግማሉ። በመንገዳቸው ላይ ያገለገሉ ዕቃዎች የሚሸጥበት የሙሐዲን ሱቅ አለ። በሩ ላይ ደግሞ ሰማያዊ የሕፃን ጋሪ ቆሟል፤ ወደ አገራቸው የተመለሱ ፈረንጆች የሸጡት፣ ጥላው ነጭ ዳንቴል ያለው፣ ጎማው ገና ጭቃ ያልቀመሰ። አፀደ እዚያ ስትደርስ ቆም ትላለች። አትነካውም፤ አትናገርም። ዝም ብላ አይታው፣ በረጅሙ ተንፍሳ መንገዷን ትቀጥላለች።

ያቺ ትንፋሽ ናት ቶለሳን እህል ውኃ የነሳችው። "ምነው ባላገባሁት ብላ ይሆን?" ይላል በልቡ።

እንዲህ ማሰቡ ያለ ምክንያት አልነበረም። አፀደ የቁስቋሟ የወይዘሮ የዓለምወርቅ ልጅ ናት። አባቷ በሕይወት ሳሉ እንጦጦ ጥግ ሰፊ ግቢና የባሕር ዛፍ ቦታ ነበራቸው። የዚያ ግቢ ዘበኛ ደግሞ የቶለሳ አባት ገለታ ነበር፤ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ "አንተ ገለታ!" ሲባል "አቤት እትዬ!" እያለ የኖረ ሰው። አብዮቱ መጣና ትርፉን ቤትም ባሕር ዛፉንም ወሰደው። ኩራትን ግን ማን ይወርሳል? ወይዘሮ የዓለምወርቅ በቀረችላቸው አንድ ቤት ውስጥ ኩራታቸውን ታቅፈው ተቀመጡ። ልጃቸው "የገለታን ልጅ አገባለሁ" ባለች ቀን "ከዚህ ደጅ ከወጣሽ እኔ አልጠራሽም" አሏት። አፀደም የእናቷ ልጅ ናትና "ካልጠራሽኝ አልመጣም" ብላ ወጣች። ይኸው ሦስት ዓመት፤ እናት አልጠሩ፣ ልጅ አልሄደች።

ጋሪ ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። በጉለሌ ዳገት ልጅ የሚያድገው በጀርባ ነው። ጎረቤታቸው ሾዴ ስድስቱንም አዝላ ነው ያሳደገችው፤ የጋሪውን ወሬ የሰማች ቀን "ምነው፣ አንቀልባ ጠፋ?" ብላ እንባዋ እስኪመጣ ስቃለች። የአፀደ ጀርባ ግን እንደ ሾዴ አልታደለም። በዘመቻው ጊዜ ከጭነት መኪና ላይ ስትወርድ ወድቃ ወገቧ ተጎድቷል። የዚያ መኪና ረዳት ቶለሳ ነበር። ጎማው ተንፍሶ መኪናው ስለቆመ፣ ጤና ጣቢያ እስኪደርስ ሁለት ሰዓት ሙሉ አዝሏት ሄደ። ከበራቸው ውጭ ያደገውን ልጅ ልብ ብላ አይታው አታውቅም ነበርና፣ ግማሽ መንገድ ላይ "ስምህ ማነው?" አለችው።

"የገለታ ልጅ ነኝ፤ የዘበኛችሁ" አላት።

እሷም አንገቱን ጠበቅ አድርጋ ያዘችው። ፍቅራቸው የጀመረው እዚያ ላይ ነው።

ሐኪሙ እንግዲህ ባለፈው ወር "መውለዱን በደህና ትወልጃለሽ፤ ማዘል የሚባል ነገር ግን እንዳላይ" ብሏታል። ቶለሳ ቢቸግረው "እኔ አዝለዋለሁ" አለ። "ጎሚስታ ቤት ይዘኸው ልትውል ነው?" ብላ ሳቀችበት። ስለዚህ ጋሪ የግድ ሆነ።

*

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አብረው ሙሐዲን ሱቅ ገቡ። ሙሐዲን ጢሙን ሂና የተቀባ፣ ለዕቃ ሁሉ የትውልድ ሐረግ የሚቆጥር ሽማግሌ ነው። ሰማያዊውን ጋሪ በእጁ እያሻሸ "ይቺን ሁለት ልጅ ብቻ ነው የተኛባት፤ ሁለቱም ጨዋ" አላቸው።

"ስንት ነው ጋሽ ሙሐዲን?"

"መቶ ስልሳ።"

 የቶለሳ የወር ገቢ መቶ ስልሳን በሩቁ ነው የሚያውቀው። "ሌላስ የለም?"

ሙሐዲን ከበርሜሎች ኋላ አንድ ግራጫ ነገር ጎትቶ አወጣ። "ይኼ ሃያ አምስት። ለእናንተ ሃያ ሁለት።"

አፀደ ጎንበስ ብላ ላይ ላዩን አየች። ቶለሳ ተንበርክኮ ታች ታቹን አየ።

"ጥላ የለውም" አለች አፀደ።

"ጎማም የለው። አራተኛውን እግር በሽቦ ነው ያሰሩት።"

"ጥላ ከሌለው ፀሐይ ይመታዋል'ኮ ቶሌ።"

"ጎማ ከሌለው ፀሐይ ጋ መች ይደርሳል!"

አፀደ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሙሐዲንም ሳቀ። ቶለሳ ያን ሳቅ ሲሰማ ልቡ ትንሽ ረጋ አለ። ነገር ግን ሲወጡ የአፀደ እጅ ሳታስበው ሰማያዊው ጋሪ ላይ አረፈ፤ ጣቶቿ ዳንቴሉን ዳሰሱ፤ ሳቋም ከፊቷ ላይ ጠፋ።

"አንቺም እንዲህ ባለው ነው ያደግሽው፣ አይደል?" አላት ቶለሳ፣ ድምፁን እንደ ቀልድ ለማድረግ እየሞከረ።

 "በቃ እንሂድ" ብላ ክንዱን ያዘች። እስከ ቤት ድረስ ቶለሳ የእጇ ሙቀት ክንዱ ላይ እያለ፣ ልቧ ግን ሌላ ቦታ ያለ መሰለው፤ እንደዚያ ቀን ድህነቱ አሳፍሮት አያውቅም።

*

በማግስቱ የቀበሌ ስብሰባ ነበር። ጓዶች ስለ ስኳር ክፍፍል ሲከራከሩ፣ ቶለሳ መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጦ ደብዳቤ ጻፈ። ሲጽፍ ያየው ሰው ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ነው የሚመስለው። ሦስት ጊዜ ጽፎ ሦስት ጊዜ ቀደደ። አራተኛው እንዲህ ይላል፦

"ለክብርት ወይዘሮ የዓለምወርቅ። ጤናዎን እየጠየቅሁ፣ ገንዘብ ለመለመን እንዳልጻፍኩ አስቀድሜ አስታውቃለሁ። የልጅዎ ወገብ የተጎዳ ስለሆነ ለሕፃኑ ጋሪ ያስፈልጋል፤ ከሙሐዲን ሱቅ ለመግዛት አርባ ብር አጠራቅሜአለሁ፤ እግዜር ያውቃል፣ አንዱን አላጣም። የማልገዛው ነገር ግን አለ። የበኩር ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው። አፀደ ይህን በአፏ አትናገርም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ስትተኛ ግን አውቃለሁ። እባክዎ ይጥሯት። እስከ በር አደርሳታለሁ። እኔ ከደጅ አልገባም። የዘበኛዎ የገለታ ልጅ፣ ቶለሳ።"

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ቁስቋም ወጥቶ ደብዳቤውን በበሩ ሥር አሾለከው። ለአፀደ አልነገራትም። ብትሰማ "ማን ለምንልኝ አለህ?" እንደምትለው ያውቃል።

ሳምንት አለፈ፤ መልስ የለም። ሁለት ሳምንት ሞላ፤ የለም። "ዝምታም መልስ ነው" አለ ቶለሳ፤ ነገሩንም በሆዱ ቀበረው።

ሐሙስ ቀን ሙሐዲን ከሱቁ በር ላይ ሆኖ ጠራው። "አንተ ጎሚስታ! ና'ስቲ!"

ውስጥ አንድ ጋሪ ቆሟል። ጥቁር፣ ትልቅ፣ ጎማዎቹ ከፍ ያሉ፣ በጃንሆይ ጊዜ የመጣ መሆኑ ከሩቅ የሚያስታውቅ። የጥላው ቆዳ እዚህም እዚያም ተሰነጣጥቋል፤ አጥንቱ ግን ጽኑ ነው። ቶለሳ ገፋ ሲያደርገው "ሲጥጥ!" ብሎ ጮኸ። ተንበርክኮ አየው። ጎማዎቹን የሚያሽከረክረው ኩሽኔታ ደርቋል፣ ላስቲኩ አርጅቷል፤ ይህ ለእሱ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

"ስንት?"

"አርባ።"

ቶለሳ ቀና አለ። "ይኼ ነገር የተሰረቀ ነው እንዴ ጋሽ ሙሐዲን?"

"አስተግፊሩላህ! ወላሂ ባለቤቷ ራሳቸው ናቸው ያስመጡት። አርባ ብለዋል። ሠላሳ ዘጠኝ አልቀበልም፤ አርባ አንድም አልቀበልም።"

"ባለቤቷ ማን ናቸው?"

"የምትገዛው ጋሪ ነው ወይስ የሰው መታወቂያ?" አለ ሙሐዲን ተቆጥቶ። ብሩን ተቀብሎ ከቆጠረ በኋላ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አንድ አደራ አለ። ፍራሹን አንተ እንዳታነሳ። ሚስትህ ናት የምታነሳው።"

"ለምን?"

"እኔ ምን አውቄ! አደራ ነው፣ በቃ።"

ቶለሳ ጋሪውን ጎሚስታ ቤት ወስዶ ሁለት ቀን በትርፍ ሰዓቱ ሠራው። ከአሮጌ ጎማ ላስቲክ ቆርጦ አለበሰው። ኩሽኔታዎቹን በነዳጅ አጥቦ በግራሶ ሞላቸው። ገፋው፤ ድምፅ የለም። እንደገና ገፋው፤ ጸጥ። "እንግዲህ ልጄ እንቅልፉን ይለጥጣል" ብሎ ብቻውን ፈገግ አለ። ቅዳሜ ዕለት በጉለሌ መንገድ እየገፋ ሲወጣ ያላየው ሰው የለም። አንድ የቀበሌ ጥበቃ ጠብመንጃውን እንዳነገተ አስቆመውና "ጓድ፣ ታርጋ አለው?" ሲለው መንገደኛው ሁሉ ሳቀ። ቶለሳም ሳቀ፤ ያን ቀን ደስታው ከመንገዱ አልፎ ይፈስ ነበር።

*

አፀደ በረንዳ ላይ ተቀምጣ የተማሪዎቿን ደብተር ታርም ነበር። ቀና ስትል አየችው። ቀዩ እስክሪብቶ ከእጇ ወደቀ።

ቶለሳ "አየሽ ጥላውን? አየሽ ጎማውን? ሁለታችንም አሸነፍን!" ሲል፣ እሷ ቀስ ብላ ተነሥታ ወደ ጋሪው መጣች። ጣቷ በጥላው ጠርዝ ላይ ሄዶ ሦስተኛው ቁልፍ ላይ ቆመ። ሌሎቹ ጥቁር ናቸው፤ ሦስተኛው ብቻ አንበሳ የተቀረጸበት የነሐስ ቁልፍ ነው።

"ከየት አመጣኸው?"

"ከሙሐዲን፣ በአርባ ብር። ምነው? አሮጌ ሆነብሽ?"

"ይቺ ቁልፍ የአባባ ካፖርት ቁልፍ ናት" አለች።  "የበፊቷን በጥርሴ ነቅዬ ጣልኳት አሉ። አባባ ከካፖርታቸው ቆርጠው በእጃቸው ሰፉልኝ። ቶሌ፣ ይህ ጋሪ የኔ ነው። እኔ ነኝ የተኛሁበት።"

ቶለሳ እጁን ከጋሪው ላይ አነሳ።

"ሸጠችው" አለች አፀደ። "እናቴ ሸጠችው! እኔ ትጠራኛለች ብዬ በየቀኑ መንገድ መንገድ አያለሁ፤ እሷ የተኛሁበትን አውጥታ ትሸጣለች። በአርባ ብር ሸጠችኝ!" ተቀመጠችና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች። ሦስት ዓመት ያጠራቀመችው እንባ ነበር።

ቶለሳ እግሯ ሥር ተንበረከከ። ደስታ አመጣሁ ብሎ መርዶ እንዳመጣ ገባው። "ጥፋቱ የኔ ነው" አለ። "ደብዳቤ ጽፌላቸው ነበር። እንዲጠሩሽ ለምኛቸው ነበር። ተናደውብኝ ይሆናል።"

አፀደ እጇን ከፊቷ ላይ አነሳች። "ለመንክ? ለኔ ብለህ?"

"ምን ላድርግ! ያን ሰማያዊ ጋሪ ስታዪ፣ እኔን በማግባትሽ ያጣሽውን የምትቆጥሪ መሰለኝ። ስትተነፍሺ እኔ የምሞት ይመስለኛል አፀደ።"

"ሰማያዊውን?" እንባዋ እየወረደ ትኩር ብላ አየችው። "አንተ ሞኝ! እኔ እዚያ ስቆም ጋሪ መች አያለሁ? እናቴን ነበር የማየው። ጎንበስ ብላ ስትገፋኝ፣ ነጠላዋ ፊቴ ላይ ሲወዛወዝ። እሷ ናት የናፈቀችኝ። አንተማ... ያን ቀን አዝለኸኝ ከሄድክ ወዲህ፣ ከዚያ ጀርባ ላይ መውረድ አንድ ቀን አምሮኝ የሚያውቅ ይመስልሃል? የቁስቋሟ እመቤት ትፍረደኝ!"

ቶለሳ እጇን ወስዶ ግንባሩ ላይ አደረገው። ወራት ሙሉ የተሸከመው ጥርጣሬ በዚያች ቅጽበት ከላዩ ላይ ወረደ። የእሷ ኀዘን ግን እዚያው ነበር። ተነሣና የጋሪውን መያዣ ጨበጠ።

"እመልሰዋለሁ። አይኔ እያየ በዚህ ጋሪ አታለቅሺም።" ሁለት እርምጃ ገፋና ቆመ። "ብቻ... ሙሐዲን አንድ አደራ ብሎኝ ነበር። ፍራሹን አንቺ እንድታነሺው።"

አፀደ ቀና አለች። "ማን አለ?"

"የጋሪው ባለቤት ናቸው አሉ። እኔ እንዳልነካው።"

አፀደ ፊቷ ተለወጠ። በእናቷ ቤት አንድ ሥርዓት አለ። ሕፃን ከመተኛቱ በፊት ከፍራሹ ሥር መልክአ ማርያም ይቀመጣል፤ ያንን ፍራሽ ደግሞ ከእናት እጅ በቀር ሌላ እጅ አያነሳውም። ሰው ዕቃ ሲሸጥ መጽሐፉን አውጥቶ ነው የሚሸጠው። ቀስ ብላ ተነሥታ መጣች። እጇን ከፍራሹ ሥር አስገባች፤ እጇም እዚያው ቆየ።

"ቶሌ" አለች በሹክሹክታ። "አለ።"

ያወጣችው በቆዳ ማኅደር ያለ ትንሽ መጽሐፍ ነው። ስትገልጠው ከመሀሉ አንድ የታጠፈ ወረቀት ወደቀ። ቶለሳ ወረቀቱን ገና ከመሬት ሳያነሳው አወቀው። የራሱ ደብዳቤ ነው። ደሙ ወደ ራሱ ወጣ፤ የሰውን ደብዳቤ መልሶ መላክ ስድብ መሆኑን የማያውቅ የለም።

"መለሱልኝ" አለ። "የጻፍኩትን መለሱልኝ።"

አፀደ ግን ወረቀቱን ዘርግታ ታነባለች። ከግርጌው በእርሳስ የተጻፉ ትልልቅ፣ ጠማማ ፊደሎች አሉ። ወይዘሮ የዓለምወርቅ ዳዊት በቃላቸው ይደግማሉ እንጂ እርሳስ ጨብጠው አያውቁም ነበር። ጽሕፈት የተማሩት አምና በቀበሌው መሠረተ ትምህርት፣ ከቀድሞ ወጥ ቤታቸው ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነው። በዚያ እርሳስ ሁለት ቦታ ሰርዘዋል። አንደኛው "እኔ ከደጅ አልገባም" የሚለው ነው። ሁለተኛው ከፊርማው ላይ ነው፤ "የዘበኛዎ" የሚለውን ሰርዘው በላዩ ላይ አንዲት ቃል ጽፈዋል።

አፀደ ጮክ ብላ አነበበችለት። "የአቶ ገለታ ልጅ፣ ቶለሳ።"

ገለታ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል። በሕይወቱ አንድም ቀን ከዚያ ቤት "አቶ" ሲባል አልሰማም። ቶለሳ በረንዳው ላይ ተቀመጠና እንደ ልጅ አለቀሰ።

አፀደ እያለቀሰች እየሳቀች የቀረውን አነበበች። "ስጦታ ብልህ እንደማትቀበል አውቃለሁ። አባትህም እንዲሁ ነበር፤ አንድ እስር ማገዶ እንኳ በነጻ አልወሰደም። ስለዚህ ግዛው። ባርባው ብርህ ለአራሷ ቅቤ እገዛበታለሁ። ልጄን ይዘህልኝ ና። ጠርቻታለሁ።"

*

እሑድ ጠዋት ወደ ቁስቋም ወጡ። ሾዴ "ባዶ ጋሪ አይገፋም!" ብላ እየሮጠች መጥታ አሮጌ አንቀልባዋን ጋሪው ውስጥ ጣለችላቸው። "ዳገት ላይ ጋሪው ሲደክም አባትየው ያዝልበታል" ብላ መረቀቻቸው። ቶለሳ እየገፋ፣ አፀደ አንድ እጇን መያዣው ላይ አድርጋ፣ በየድንጋዩ ላይ እያረፉ ወጡ።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ወይዘሮ የዓለምወርቅ በር አጠገብ ዱካ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠው ለገንፎ የሚሆን ገብስ ይለቅማሉ። ሸምግለዋል፤ ሦስት ዓመት አሥር ዓመት ሆኖባቸዋል። አፀደ ደፉ ላይ ደረሰች።

"እማማ" አለች።

ሰፌዱ ከጭናቸው ላይ ወደቀ፤ ገብሱ ተበተነ። ዞረው ልጃቸውን፣ ሆዷን፣ ጋሪውን አዩ።

"መቼ... መቼ ደረሳችሁ? ተሸጠ ካሉኝ ከሐሙስ ጀምሮ'ኮ ጆሮዬን ጥዬ ነው የምጠብቀው! ያ ጋሪ ከታችኛው መታጠፊያ ነው የሚሰማው። ሲጥ ሲጥ ሲል ወጥቼ መንገድ ላይ ልቀበልሽ ነበር። ድምፁን ምን ዋጠው?"

ቶለሳ አንገቱን ደፋ። "ግራሶ ሞላሁበት፣ እትዬ።"

"ማን ሙላ አለህ!" አሉ፤ እንባቸው ግን ቁጣቸውን ቀደመው። "እኔ'ኮ ዝም ሲል... ዝም ሲል፣ ልጄ ቀረች ብዬ..."

አልጨረሱትም። አፀደ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች።

ቶለሳ ሳያስበው ወደ ኋላ ሸሸ። ከበሩ ውጭ አባቱ ይቀመጥባት የነበረች ጠፍጣፋ ድንጋይ አለች፤ እግሩ ለምዶበት እዚያው አጠገቧ ቆመ። እናትና ልጅ ሲላቀሱ ላለማየት ፊቱን ወደ ባሕር ዛፉ አዞረ።

"የአቶ ገለታ ልጅ!" የሚል ድምፅ ከውስጥ ተሰማ። "ምን ትጠብቃለህ እዚያ? የሚጠበቅ ነገር የለንም እንግዲህ። ግባ!"

ቶለሳ ጋሪውን ከፊት አንሥቶ ደፉን አሻገረው። ጎማዎቹ ምንም ድምፅ አላሰሙም። አባቱ ሃያ ስምንት ዓመት ከውጭ የጠበቀውን በር አልፎ ገባ፤ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ሲል፣ ወይዘሮ የዓለምወርቅ ቀና አድርገው ጉንጩን ሳሙት።